የእትዬ አስካለ ዳንቴል

በእኔ እጅ ያለፈ አምፕሊፋየር ባለቤቱን ቀብሮ ለልጅ ልጅ ይተርፋል! አሰላ ውስጥ ይህን ያልነገርኩት ሰው የለም። ያልነገርኩት ሌላውን ነው፤ ለነፍስ አባቴ እንኳ። የጋሽ ገመቹ አምፕሊፋየር ከእጄ ከወጣ በኋላ የቆየው ሦስት ሠርግ ብቻ ነው። የገደልኩትም እኔ ነኝ።

ጋሽ ገመቹ ሳጉሬ ላይ ለሠርግ ሞንታርቦ እያከራዩ የሚኖሩ ሰው ነበሩ። "ማራገቢያው እንደ ወፍጮ ይጮኻል" ብለው አምፕሊፋየሩን አመጡልኝ። ፈትቼ አቧራውን መጥረግ፣ ካልሆነም መቀየር ነበረብኝ። ሰነፍኩ። የማራገቢያውን ሽቦ ቆረጥኩት። የጭላሎ ተራራ ነፋስ ቀን ከሌት እየነፈሰ ሌላ ማራገቢያ ምን ያደርጋል አልኩ፣ በልቤ። ጋሽ ገመቹ ተገርመው "ምን አድርገህ ዝም አሰኘኸው?" ሲሉኝ "ገሠጽኩት፣ ጋሼ" አልኳቸው። መረቁኝ።

ሦስተኛው ሠርግ ላይ፣ በጠራራ ፀሐይ ድንኳን ውስጥ፣ ሙሽሮቹ ሳይገቡ ከአምፕሊፋየሩ ጢስ ተነሣ። ውስጡ ነደደ። ያን ቀን እንዲያምር ብለው፣ ባለቤታቸው እትዬ አስካለ በእጃቸው የሠሩትን ነጭ ዳንቴል አልብሰውት ነበር። ጋሽ ገመቹ ተሸክመው አመጡት። ስከፍተው የቆረጥኩትን ሽቦ አየሁ። ከዚያስ ምን አልኩ? "ጋሼ፣ ዳንቴሉ አፍኖ ገደለው።" እኔ ነኝ ያልኩት። ዳንቴሉ የነበረው ከላይ ብቻ ነው፤ አየሩ ከኋላ ገብቶ በፊት ነው የሚወጣው። ይህን አላውቅም ነበር? ከአሰላ ሰው ሁሉ በላይ አውቅ ነበር።

እትዬ አስካለ በማግስቱ በሚኒባስ መጡ። የሱቄ ደጃፍ ላይ ቆመው "ልጄ፣ ባለሙያው አንተ ነህ። የገመቹን እንጀራ ያቃጠልኩት እውነት እኔ ነኝ?" አሉኝ። አንድ ቃል ይበቃ ነበር። እኔ ግን "ደግነቱ ሹራብ አልደረቡለትም፣ እትዬ!" ብዬ ቀለድኩ። አልሳቁም። ይቅርታ ጠይቀውኝ ሄዱ። እኔን!

ጋሽ ገመቹ ሌላ ማሽን መግዛት አልቻሉም፤ ዛሬ ገበያ ላይ የሰው እህል ይጭናሉ። ሚስታቸው "ባሏን በዳንቴል ያደኸየች" ተብለው ቀሩ። ባልና ሚስቱም እንደ ድሮው አያወሩም አሉ።

እናንተን ይቅር በሉኝ አልልም። ይቅርታ የሚጠየቁት እትዬ አስካለ ናቸው፤ እኔ ደግሞ ፊታቸው መቆም አቅቶኛል። ባለፈው ሳምንት አሰላ ገበያ ሲመጡ ከሩቅ አየኋቸውና፣ የሴቶች ፀጉር ቤት ገብቼ እስኪያልፉ የፀጉር ማድረቂያ ካስክ ሥር ተቀመጥኩ። ሃምሳ ሁለት ዓመቴ ነው። መላጣ ነኝ።