ሳይሮጡ ያስሮጡን መምህር ደመላሽ

በ፲፱፻፷ ዓ.ም. በጥቅምት ወር፣ የክረምቱ ሙላት ጎድሎ የቦርከና ውሃ መጥራት በጀመረበት ሰሞን፣ በከሚሴ ትምህርት ቤት የሰውነት ማጎልመሻ አስተማሪ የነበሩት መምህር ደመላሽ ከዚህ ዓለም ድካም አረፉ። ዓርብ ከሰዓት በኋላ ተማሪዎቻቸውን አሰናብተው ከሜዳው ዳር ካለው ግራር ሥር እንደተቀመጡ ነው ነፍሳቸው የወጣችው። ልጆቹ መምህሩ ደክሟቸው ያረፉ መስሏቸው፣ እንዳይረብሿቸው በዝግታ አልፈዋቸው ነበር።

እኔ ከተማሪዎቻቸው የአንዷ እናት ነኝ። ዳዊት ከመድገም ያለፈ ትምህርት የለኝም። ያየሁትን ሳልናገር ብቀር ግን እግዚአብሔርን አለማመስገን ይሆንብኛልና፣ ለሚያውቋቸው ሁሉ ይህችን ጻፍሁ።

ወደ ከሚሴ ሲመጡ፣ አዲስ አበባ ኮሌጅ ገብተው ስለ ሰውነት እንቅስቃሴ የተማሩ ናቸው ተባለ። ከተማው ሳቀ። ገበሬው ሲያርስ በሚውልበት፣ ነጋዴው ከሰንበቴ ገበያ በእግሩ በሚመለስበት አገር፣ ሩጫና ዝላይ ለመማር ኮሌጅ መግባት ምን የሚሉት ነው? ሳቁ የባሰው ደግሞ መምህሩ ራሳቸው ፈጽሞ እንደማይሮጡ ሲታወቅ ነው። ፊሽካቸውን ይዘው ከሜዳው መካከል ይቆማሉ፤ ልጆቹ ይሮጣሉ። አንዳንዴ ሁለት ጣቶቻቸውን አንገታቸው ላይ አሳርፈው የእጅ ሰዓታቸውን ይመለከታሉ። ልጆቹ ይህንንም እያስመሰሉ ይጫወቱበት ነበር። «ሳይሮጥ አስሯጭ» የሚል ስም ወጣላቸው። አንድ ጎረምሳ ገበያ መሀል በዚህ ስም ቢጠራቸው፣ ዞር ብለው «አቤት» አሉት ይባላል።

ልጄ ስንዱ በሕፃንነቷ ክፉ ትኩሳት ይዟት ነበር። ጠበል አስጠመቅኋት፤ ነፍሷ ተረፈችልኝ። ግራ እግሯ ግን ቀጠነ፣ ዛለ። ወጌሻ አሸላት፤ ለውጥ አልመጣም። በሕይወት መኖሯ ይበቃኛል ብዬ እያዘልሁ ትምህርት ቤት አደርሳት ነበር። የሚያስጨንቀኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እኔ ስሞት ማን ያዝላታል?

መምህር ደመላሽ ከጀርባዬ ሳወርዳት አይተው፣ በዚያው ሳምንት ቤቴ መጡ። ሐኪም እንዳልሆኑ አስቀድመው ነገሩኝ። እግሯ ውስጥ ያልሞተ ጡንቻ እንዳለ፣ ቢሠራበት ሊበረታ እንደሚችል፣ ተስፋ ግን ሊሰጡኝ እንደማይችሉ አስረዱኝ። የአምላክን ፈቃድ መቃወም እንዳይሆንብኝ ፈራሁ። ፍርሃቴ ገባቸው።

«እትዬ፣ እግሩን የሰጣት እሱ ነው» አሉኝ። «እኔን ያስተማሩኝ የተሰጣትን ማሠራት ብቻ ነው።»

የነፍስ አባቴን ጠየቅሁ። ጠበሉም ውሃ፣ ቦርከናም ውሃ፣ የሁለቱም ጌታ አንድ ነው ብለው ፈቀዱልኝ።

ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ ወደ ወንዝ እንወርድ ነበር። ውሃው ሰፋ ብሎ በዝግታ የሚሄድበት፣ ሥሩ አሸዋ የሆነ ቦታ መርጠዋል። ሱሪያቸውን እስከ ጉልበታቸው ጠቅልለው ስንዱን በሁለት እጃቸው ይዘው ይገባሉ። በየብስ የማይነሳው እግር በውሃ ውስጥ ሲነሳ አየሁ። እሳቸው ዘወትር የሚሏት አንድ ቃል ነበረ፤ «አትቸኩዪ። ውሃው ይሸከምሻል፤ አንቺ ግፊ ብቻ።» እኔ ዳር ተቀምጬ ዳዊቴን እደግማለሁ። ወንዝ ከልጅነቴ ጀምሮ እፈራለሁ። «እትዬ፣ አንድ ቀን እርስዎም ይገባሉ» ሲሉኝ፣ የኔ ቦታ ዳሩ ነው እላቸው ነበር።

ከድር የሚባል የጨፋ ገበሬ ከብቶቹን እዚያው ያጠጣል። «አከም ቡልተን» ብሎ ሰላምታ ከሰጠን በኋላ ቆሞ ያየናል። አንድ ቀን አላስቻለውም።

«ወላሂ መምህር፣ የኔ ላሞች ይህን ውሃ ያለ ዲፕሎማ ነው የሚሻገሩት።»

«እንግዲያው እነሱ ያስተምሩን» አሉት መምህር፣ ከውሃው ሳይወጡ። «እኛ ወረፋ እንይዛለን።»

ከድር እየሳቀ ሄደ። በሚቀጥለው ቅዳሜ ግን ውሃው እንዳይደፈርስብን ከብቶቹን ከእኛ በታች ሲያጠጣ አየነው። ማንም አልለመነውም። ከዚያም በኋላ ወደ ላይ አልመለሳቸውም። ስንዱ መጀመሪያ ማንም ሳይይዛት የቆመች ዕለት «ማሻአላህ» ብሎ ፊቱን በሽርጡ ጫፍ ጠረገ።

መምህር ደመላሽ የማንንም ጾም አስፈትተው አያውቁም። ስንዱ መጾም ስትጀምር፣ ልጅ ናት ትብላ ያሉኝ ሰዎች ነበሩ። እሳቸው ግን በጾም ቀን የምትሠራውን እንቅስቃሴ ወደ ማታ ገፉት እንጂ አንድ ቃል አልተናገሩም። በረመዳንም የሚጾሙትን ልጆች አያስሮጡም፤ ክፍል ውስጥ አስቀምጠው የሰው አጥንት በጥቁር ሰሌዳ ላይ እየሣሉ ያስተምሯቸው ነበር። «ያልበላ ሰውነት ይማራል እንጂ አይገፋም» ይሉ ነበር።

ልጄ በዱላ መራመድ ጀመረች። ቆይታ ዱላውን ተወችው። የሩቅ መንገድ አትችልም፣ ዛሬም ታነክሳለች፤ ቤተ ክርስቲያን ግን በእግሯ ትሳለማለች። እኔ አላዝላትም።

ሆኖም መምህር «ጨርሰናል» ብለውኝ አያውቁም። ካቋረጠች እግሩ ተመልሶ ይዝላል ይሉኝ ነበር። ክረምት በመጣ፣ ወንዙ በሞላ ቁጥር፣ ያሉት እውነት መሆኑን አይቻለሁ። በዚህም ክረምት እግሯ ከብዶ ነበርና የጥቅምትን ውሃ ስንጠብቅ ቆየን። ቅዳሜ ልንወርድ ተቀጣጥረን ሳለ ዓርብ አረፉ። ቅዳሜ ቀበርናቸው።

ለቅሶው ላይ በኮሌጅ አብረዋቸው የተማሩ አንድ መምህር ከደሴ መጥተው ነበር። እኛ የማናውቀውን የነገሩን እሳቸው ናቸው። በሁለተኛው ዓመት ሐኪም የመምህር ደመላሽን ደረት አዳምጦ ልባቸው ደካማ ነው፣ ከእንግዲህ መሮጥ የለባቸውም አለ። አስተማሪዎቻቸው ወደ ሌላ ትምህርት እንዲዛወሩ መከሯቸው። እሳቸውም «መሮጥ ከተከለከልሁ ማስሮጥ እማራለሁ» ብለው ቀሩ። ጓደኞቻቸው ሲሮጡ ከሜዳው ዳር ተቀምጠው የማን እግር እንደሚጎተት፣ የማን ትንፋሽ እንደሚያጥር ሲያዩ ይውሉ ነበር። ዓይናቸው የተማረው እዚያ ነው። ሁለቱ ጣቶችም የገዛ ልባቸውን መቁጠሪያ ነበሩ።

 ያን ስም ያወጡላቸው ሰዎችም እዚያው ድንኳን ውስጥ ነበሩ።

እኔ ከወንዙ መመለሻ ያለችው ዳገት ታወሰችኝ። ስንዱ ሲደክማት እሳቸው ያዝሏታል። ከዳገቱ ወገብ ላይ ይቆማሉ፤ ጣታቸው አንገታቸው ላይ ነው። ምነው ስላቸው፣ «እትዬ ይድረሱ ብዬ ነው» ይሉኝ ነበር። እኔም አምኜ ፈጠን እል ነበር።

መምህር ሆይ፣ ያንን ልብ ይዘው ልጄን ተሸክመው ዳገት ወጡ። እኔ የምከፍልበት የለኝም፤ የሚከፍል እሱ ነው። ነፍስዎን ከደጋጎቹ ጋር ያሳርፍልን። ከቀበርንዎ ማግስት፣ እሑድ ጠዋት፣ ቅዳሴ አስቀድሰን ስንወጣ ስንዱ ወደ ቤት አልሄደችም፤ ወደ ወንዙ መንገድ ዞራ ቆመች። ተከተልኋት። ውሃው ጠርቷል። ከድር ከብቶቹን ከታች ይዞ እጁን አነሳልን። ዳዊቴን ድንጋይ ላይ አኖርሁ፣ ጫማዬን አወለቅሁ፣ ቀሚሴን ሰበሰብሁ፣ እጇን ይዤ ገባሁ። ውሃው ጉልበቴ ሲደርስ ወደ ዳሩ ዞር አልሁ። ስንዱ ቀና ብላ አየችኝና እንዲህ አለችኝ፤

«እማዬ፣ አትቸኩዪ። ውሃው ይሸከምሻል፤ አንቺ ግፊ ብቻ።»

ገፋሁ፣ መምህር።