የጁምዓዋ እንግዳ

ኢክራማን የሸዋሮቢት ሰው «ቆጣሪው» ይለዋል። የመብራት ቆጣሪ አንባቢ ሆኖ አይደለም። ከመናኸሪያው ጀርባ ባለችው የኮምፒውተር ጽሑፍና ፎቶኮፒ ቤቱ ተቀምጦ የሚቆጥረው ሰው ነው፤ ያውም ፊቱን አይቶት የማያውቀውን ሰው። ስሙን ያወጣችለት የገዛ ልጁ ናጅዋ ናት። ያኔ ቀልድ ነበር፤ ዛሬ ማንም አይስቅበትም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሱቋ ድሮ ኢንተርኔት ቤት ሳለች አባትና ልጅ ተጋግዘው አንድ የመወያያ ድረ ገጽ ከፈቱ፤ «የቆላ ወግ» አሉት። የሽንኩርት ዋጋ የሚጠይቅ፣ የጠፋ ግመል የሚያፈላልግ፣ ጣርማ በር ላይ ጉም ወርዷል ወይ የሚል ሾፌር፣ ሁሉም እዚያ ይጽፍ ነበር። ናጅዋ ደግሞ «ዛሬ ሙቀቱ እንዴት ዋለ?» የሚል ርዕስ ከፈተች። ወላሂ፣ እንዲህ ያለ የሥራ ፈት ጥያቄ አይታችሁ አታውቁም! ሰው ግን ወደደው። የጀውሃው «እንቁላል አስፋልት ላይ ጠበስን» ይላል፤ የካራቆሬው «ባጃጄ ቀለጠችልኝ» ይላል፤ የጣርማ በሩ «እኛ ጋቢ ደርበናል፣ እናንተ ተቃጠሉ» እያለ ያበሽቃቸዋል። ናጅዋ ለሁሉም መልስ አላት፤ ምላሷ አይጣል ነው። እናቷን ፈትያንም ፊደል ያስቆጠረቻት ከዚያው ገጽ ላይ እያስነበበች ነበር።

አባቷ ግን ከወጉ ይልቅ ቆጠራውን ወደደ። ለድረ ገጹ ባለቤት ብቻ የሚታይ አንድ ሠንጠረዥ አለ፦ ስንት ሰው ገባ፣ ከየት አገር ገባ፣ የትኛውን ገጽ ከፈተ፣ ምን ያህል ቆየ፣ መልስ ጻፈ ወይስ ዝም ብሎ ወጣ። ኢክራማ ጠዋት ሱቁን ሲከፍት መጀመሪያ የሚያየው እሱን ነው።

«አባዬ፣ አንተ እኮ መስጊድ በር ላይ ቆመህ ጫማ የምትቆጥር ሰው ነህ» ትለዋለች።

«ጫማውን የቆጠረ ሰጋጁን አወቀ» ይላታል፤ ይሳሳቃሉ።

ኋላ ሰዉ ሁሉ ወደ ቴሌግራምና ቲክቶክ ነጎደ። ሠንጠረዡ ባዶውን ያድር ጀመር። ናጅዋም አስራ ሁለተኛን ጨርሳ ውጤት አልመጣላትም፤ ቤት ተቀመጠች፤ ፊቷ ጠቆረ። አንድ ቀን ደላላ አግኝታ በጅቡቲ በኩል ሳዑዲ ለመሄድ ቆረጠች። ለአባቷ ትንፍሽ አላለችም። ለእናቷ ግን ግማሹን ነገረቻት። ኢሞና ቴሌግራም አልሠራ ያሉበት ሰሞን ስለነበር የእናቷን ስልክ ተቀብላ ስትነካካ ቆየችና መለሰችላት።

«እማ፣ ከላይ በኩል ይቺ ትንሽ ቁልፍ እስከታየች ድረስ ስደውል ይገባልሻል። እንዳትነኪያት።»

ፈትያ አልነካቻትም። ከዚያ ወዲህ ስልኳን ለማንም አታስይዝም፣ ለባሏም ቢሆን።

ናጅዋ ለመጨረሻ ጊዜ የደወለችው ከጅቡቲዋ ኦቦክ፣ ከባሕሩ ዳር ነው። ኢክራማ ተቆጣ፣ ለመነ፣ አለቀሰ። እሷ ግን ሳቀችበት። «የእዚህን ሙቀት ብታየው አባዬ፣ ሸዋሮቢት ለካ ብርድ ነው!» አለችው። ከዚያ በኋላ ድምጿ ጠፋ።

ወራት አልፈው አንድ የጀውሃ ልጅ ከየመን ተባሮ መጣ። ያን ዕለት ሁለት ጀልባ ተነሣ፣ አንዱ ሰጠመ፣ ናጅዋ በየትኛው እንደተሳፈረች አላየሁም አለ። ይኸው ነው፣ ሌላ የለም። ጎረቤት ለለቅሶ መጣ። ሼህ ሷሊሕም ኢክራማን ገለል አድርገው፣ በሌለችበት ሶላት እንስገድባት፣ ሰደቃም ይውጣላት አሉት።

«ቁርጥ ያጠግባል፣ ኢክራማ» አሉት በለሆሳስ።

«ቁርጡን ማን ነገረኝና ነው ሼህ? በሕይወት ያለ ሰው ላይ አይሰገድም!» ብሎ ጮኸባቸው። ሼህ ሷሊሕ ላይ የሚጮህ ሰው ሸዋሮቢት ውስጥ ታይቶ አይታወቅም፤ ግን ማን ይፈርድበታል?

ድረ ገጹን ሊዘጋው ቀን ቆርጦ ሳለ፣ አንድ አርብ ከጁምዓ ሶላት ተመልሶ ሠንጠረዡን ሲከፍት አንድ እንግዳ አየ። አገር፦ ሳዑዲ ዓረቢያ። የተከፈተው ገጽ፦ «ዛሬ ሙቀቱ እንዴት ዋለ?» ኢክራማ ሞኝ አይደለም፤ ድረ ገጽ ለድረ ገጽ የሚዞሩ ማሽኖች እንዳሉ ያውቃል። ማሽን ግን ገብቶ በቅጽበት ነው የሚወጣው። ይህ እንግዳ ይቆያል። አንዱን ገጽ አንብቦ ዝግ ብሎ ወደሚቀጥለው ያልፋል። በሳምንቱ፣ በዚያው በጁምዓ ሰዓት ዳግመኛ ገባ።

ኢክራማ አንጀቱ ቅቤ ጠጣ። ሱቁን እንኳ ሳይዘጋ ወደ ቤት በረረ።

«ፈትያ! ልጅሽ አለች!»

ፈትያ ብድግ አለች። «ካለች ለምን አትደውልም?»

«ስልኳን ነጥቀዋት ይሆናላ! የሰው ቤት ናት፤ አሠሪዎቿ ጁምዓ ሲወጡ ነው የምታገኘው። ያንን ገጽ ከሷ ሌላ ማን ዞር ብሎ ያየዋል?» ለሁሉም መልስ ነበረው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ፈትያ እህል ቀመሰች። ፀጉሯን ተሠራች፣ ገበያ ወጣች። ሼህ ሷሊሕም የሶላቱን ነገር መልሰው አላነሡትም። ኢክራማ በየአርቡ እዚያ ርዕስ ሥር «ናጅዋ፣ አባትሽ ነኝ፣ አንድ ቃል ብቻ ጻፊ» እያለ ይለምናል። መልስ የለም። እንግዳዋ ግን አትቀርም፤ እንዲያውም ቆይታዋ እየረዘመ ሄደ።

«ዛሬ ከባለፈው ይበልጥ ቆየች!» ይላል ቤት ሲገባ። ፈትያ ፊቷ ይፈካል፤ በሳምንቱ እንግዳዋ ከዚያም አብልጣ ትቆያለች። አያችሁ እንግዲህ፣ የሚቆጥር ሰው አንዳንዴ ከፊቱ ያለው ይሰወርበታል።

በጥቅምት አንድ ጁምዓ ኢክራማ ከመስጊድ በቀጥታ ሱቁ ገባ። እንግዳዋ ቀድማው ገብታ ቆየችው። አየት አደረገና ሻይ ሊያዝ ብድግ ሲል፣ ሠንጠረዡ ላይ አይቶት የማያውቀው ነገር መጣ፦ አዲስ መልስ። ጸሐፊ፦ እንግዳ። አገር፦ ሳዑዲ ዓረቢያ።

 «ያ ረቢ፣ ያ ረቢ» እያለ ተቀመጠ። ቢስሚላህ ብሎ ከፈተው።

«ናጅዋ ልጄ አባትሽ ሁሌ ጁምዓ ትገባለች ይለኛል እኔም ላገኝሽ ብዬ እዚሁ እጠብቅሻለሁ ግን አትታይኝም። ያስተማርሽኝን ፊደል አልረሳሁም ይኸው ጻፍኩልሽ። ስልኬ ላይ ያደረግሽልኝን ቁልፍም አልነካሁም። እዚህ ሙቀቱ ደህና ነው። እናትሽ ፈትያ።»

ኢክራማ አንብቦ ጨረሰ። ደግሞ አነበበ። ያቺ ቁልፍ የምን ምልክት እንደሆነች ኮምፒውተር የነካ ሁሉ ያውቃታል፤ ቪፒኤን ነው፣ ሸዋሮቢት ያለውን ስልክ ሌላ አገር ያለ የሚያስመስል። ናጅዋ ስታስገባው፣ የምትሄድበትን አገር መረጠችላት። እሱ መስጊድ ሲሄድ ፈትያ ብቻዋን ቤት ቁጭ ብላ የልጇን ቃል እየለቀመች ታነባለች። እሱ ደግሞ የሚስቱን እንባ እየቆጠረ፣ ልጄ አለች እያለ ይነግራታል። ቆየች ሲላት እሷም ልጇን ልትጠብቅ አብልጣ ትቆያለች።

 ልጁ ባሕር ውስጥ ናት። ከሳዑዲ የገባ ሰው የለም፤ አንድም ቀን አልነበረም። ያን ሁሉ ወራት ያልሞተችው ናጅዋ በዚያች ቅጽበት፣ በፎቶኮፒ ቤቱ ውስጥ ሞተችበት። 

ስልኩ ጮኸ። ፈትያ ናት።

«የናጅዋ አባት! እኔ እኮ ጻፍኩላት! አንተ እንዳትስቅብኝ ብዬ ነው ያልነገርኩህ። ገባልኝ?»

«ገብቷል» አላት።

«አየችው? ሰው ማየቱን የሚነግርህ ነገር አለ አይደል? እስቲ በአላህ እየው!»

ኢክራማ ቀና አለ። ከመልእክቷ ግርጌ «ያነበቡት፦ 1» ይላል። ያነበበው ራሱ ነው። ልንገራት አለ በልቡ።

«አንድ ሰው አንብቦታል፣ ፈትያ።»

«አልሐምዱሊላህ! አልሐምዱሊላህ!» ስትል፣ እልልታዋም ጎረቤት ሲጠራ በስልኩ ውስጥ ሰማ።

«በይ አሁን ዝጊውና እረፊ» አላት።

«ምን ነካህ? መልስ ልትጽፍልኝ ትችላለች እኮ! አልዘጋውም፣ እዚሁ ሆኜ እጠብቃታለሁ።»

ኢክራማ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና ሠንጠረዡን አየ። ከሳዑዲ የገባችው እንግዳ ገና አልወጣችም።