የዳማ መድኃኒት

ዛሬ ደብረ ብርሃን ላይ ለፈረሴ ረከስ ያለውን ቫይታሚን ኢ መርጬ ከእንስሳት መድኃኒት ቤት ስወጣ፣ በሃምሳዎቹ አንኮበር የነበረችን ባዝራ ዳማ ትዝ አለችኝና በሐሳብ ጭልጥ አልኩ።

በጋውን ሙሉ ድርቆሽ ብቻ በልታ እግሯ ተሳሰረ። እርጉዝ ነበረች።

የከብት ሐኪሙ አያትና፣ "ድርቆሹ ያጎደለባትን የሚተካ የውጭ መድኃኒት አለ፤ ግን ውድ ነው። ለምለም ሣር ካገኛችሁላትም ይበጃታል" አለ።

እናቴ፣ "ሣሩን እኔ አመጣለሁ" አለች።

በየማለዳው እኔና እናቴ ሣር ልናጭድ ወደ ምንጩ ስንወርድ ጉሙ ይውጣትና ድምጿ ብቻ ይቀርልኛል።

"ልጄ፣ አለሽ?"

"አለሁ እማዬ።"

(ሣሩን ተሸክሜ ዳገቱን ስወጣ ፈረሷ እኔ ነበርኩ!)

በሦስተኛው ሳምንት ዳማ ራሷ ወደ ምንጩ ወረደች። ወልዳም ውርንጭላዋ ጤዛው ላይ ሲንገዳገድ አባቴ እናቴን አየና፣ "ሐኪሟስ አንቺ ነሽ" አላት።

እናንተስ ቤት እንዲህ ተለፍቶለት የዳነ እንስሳ ነበር? እስቲ አጫውቱኝ።