የችሎት ቀን ውሃ

ወርቂቱ ልትፈታው የተነሳችው ችግር በቁጥር የሚገለጽ ነበር። ችሎት ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ተጀምሮ እስከ ስድስት ይቀጥላል፤ የእሷ ፊኛ ደግሞ ከሠላሳ አምስት ደቂቃ በላይ አይታገስም። ሲካፈል አምስት ጊዜ መነሳት ይሆናል። አምስት ጊዜ የሚነሳ ባለጉዳይ ይኖራል፣ አምስት ጊዜ የሚነሳ ፖሊስም ይኖራል። አምስት ጊዜ የሚነሳ አስተርጓሚ ግን አይሆንም፤ እሷ ከወጣች ችሎቱ ዲዳ ነው።

ሥራዋን ላስረዳ። አምቦ ላይ ፍርድ ቤቱ የሚሠራው በኦሮምኛ ነው። ቋንቋውን የማይችል ነጋዴ፣ ሾፌር ወይም ከሌላ ክልል የመጣ ሠራተኛ ለምስክርነት ሲቆም ወርቂቱ በሱና በዳኛው መካከል ትቀመጣለች። ተወልዳ ያደገችው ጌዶ ነው። አማርኛ ማንበብ የለመደችው ከአባቷ አሮጌ ወረቀቶች ላይ ሲሆን፣ በነዚያ ወረቀቶች ማኅተም ውስጥ አምቦ ገና «ሀገረ ሕይወት» ትባላለች። በ2008 ዓ.ም. ፍርድ ቤቱ ሲቀጥራት ሠላሳ አንድ ዓመቷ ነበር። ሥራውን የምትወደው በቀላል ምክንያት ነው፤ ሰው የተናገረው ነገር ሳይጎድልና ሳይጨመርበት ማዶ ሲደርስ ደስ ይላታል።

ሕመሙ የጀመረው ከአንጀቷ ነው። በ2009 ዓ.ም. ሆዷን ይቆርጣት፣ ደም የቀላቀለ ተቅማጥ ያስቀምጣትና ትከሳ ጀመር። መጀመሪያ አሜባ ተባለ፣ ቀጥሎ ታይፎይድ፣ ከዚያም የአንጀት ቲቢ ተጠረጠረ። በመጨረሻ አዲስ አበባ ተልካ በካሜራ ሲታይ ክሮንስ የሚባል የአንጀት ብግነት መሆኑ ታወቀ። ክሮንስ ተላላፊ አይደለም። የሰውነት መከላከያ ጀርም ሳይኖር የራሱን አንጀት ሲያጠቃ፣ አንጀቱ እየቆሰለና እያበጠ የሚቆይበት በሽታ ነው። ጠቅልሎ አይጠፋም፤ በመድኃኒት ግን ለዓመታት ሊተኛ ይችላል። የወርቂቱም በየቀኑ ጠዋት በምትውጠው ክኒን አራት ዓመት ተኛላት።

በ2014 ዓ.ም. ደግሞ ሽንት መጣ። ለደቂቃ የማይታገስ፣ ሲወጣ ግን ጥቂት የሆነ ሽንት። ጎረቤቱ ሁሉ «ብርድ ነው፣ ድንጋይ ላይ አትቀመጪ» አላት። ባሏ ሌንጂሳ በርና መስኮት የሚበይድ ሰው ነው፤ ቀልድ ካልጨመረበት ነገር አይዋጥለትም።

«ወርቄ፣ በሩን በራሱ የሚከፈትና የሚዘጋ አድርጌ ልሥራልሽ? እየሮጥሽ ማጠፊያውን ነቀልሽው እኮ!»

«አንተ ሳቅ። ኦቦ ኢዶሳ ዛሬ ምን እንዳለኝ ታውቃለህ?»

ኢዶሳ የፍርድ ቤቱ ሬጅስትራር፣ ሠራተኛ የሚመድብ ኃላፊ ነው። ሰውየው ክፉ አልነበረም፤ ነገሩን ያለው በሩን ዘግቶና ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው። «አዴ ወርቂቱ፣ ዳኞች እያማረሩ ነው። በዚህ ከቀጠለ ከመስከረም ጀምሮ መዝገብ ቤት ትገቢያለሽ። እዚያ የፈለግሽውን ያህል ብትወጪ የሚጠይቅሽ የለም።» መዝገብ ቤት ማለት አቧራ የጠጣ ፋይል መደርደር ነው። የሚናገር ሰው የለበትም።

ስለዚህ ወርቂቱ የራሷን መፍትሔ አወጣች። ጾም የምትችል ሴት ናት፤ በሑዳዴ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህልም ውሃም ሳትቀምስ እየቆየች ጉሮሮዋ ሳይደርቅ ታስተረጉም ነበር። «ያልገባ አይወጣም» ብላ አሰበችና የችሎት ቀኖቿን ሰኞን፣ ረቡዕንና ሐሙስን ደረቅ ቀን አደረገቻቸው። ከዋዜማው ምሽት ጀምሮ እስከ ቀትር ጠብታ አትቀምስም። እሷም ሆነች ሌላው ሰው ጾምን እንደ ጥፋት ሊቆጥር አይችልምና ማንም «ተይ» አላላትም።

ሁለት ሳምንት ሠራ። ከዚያ ሠላሳ አምስቱ ደቂቃ ወደ ሃያ አምስት ወረደ፤ ማቃጠልም ተጨመረበት። እሷ ደግሞ ደረቁን ቀን አጠበቀችው። ችሎት ከመግባቷ በፊትም ሳይመጣባት ለጥንቃቄ ሦስቴ ሽንት ቤት መሄድ ጀመረች።

ነገሩ የፈነዳው በግንቦት፣ አንድ ሐሙስ ቀን ነው። ምስክሩ አቶ ደግፌ ከወሎ የመጣ የጭነት መኪና ሾፌር ነበር። ጌዶ አካባቢ በደረሰ የመኪና ግጭት ላይ ያየውን ሊናገር ቆሟል። እዚህ ላይ ስለ ማስተርጎም አንድ ነገር ማወቅ ያስፈልጋል። ምስክሩ «አየሁ» ሲል አስተርጓሚዋ «አየ ይላል» አትልም፤ እሷም «አየሁ» ነው የምትለው። ቀኑን ሙሉ «እኔ» ትላለች፣ አንዱም ስለ ራሷ አይደለም።

ደግፌ ስለ ፍሬኑ እያብራራ ሳለ ወርቂቱ ማላብ ጀመረች። አንድ ዓረፍተ ነገር ቆየች። ሌላም ቆየች። ከዚያ ወደ ዳኛው ወደ ገቢሳ ዞራ በኦሮምኛ፣ «ክቡር ፍርድ ቤት፣ ይቅርታ፣ ሽንት ቤት ልሄድ ይፈቀድልኝ፣ መያዝ አልቻልኩም» አለች።

ዳኛው ብዕራቸውን አስቀመጡና ደግፌን በርኅራኄ አዩት። «ምስክሩ ተፈቅዶለታል፣ ይሂድ። ፖሊስ ያሳየው።»

ጸሐፊዋ ዶርቃስም ቃሉን መዝገብ ላይ አሰፈረችው። ወርቂቱ ደግሞ ዳኛ የተናገረውን መተርጎም ግዴታዋ ነው። ፊቷ እንደ ፍም እየጋለ፣ «ሽንት ቤት መሄድ ተፈቅዶልሃል» አለችው በአማርኛ።

ደግፌ ግራና ቀኙን አየ። «ማን? እኔ? እኔ መቼ ሽንቴ መጣ አልኩ? እኔ ያልኩት ፍሬን ነው!»

ይህንንም መተርጎም ነበረባት። ተረጎመችው። ከኋላ ወንበር አንድ ሽማግሌ እጃቸውን አፋቸው ላይ ጭነው ሲንፈቀፈቁ፣ ወርቂቱ ከመቀመጫዋ ተነስታ ቆመች። «ክቡር ፍርድ ቤት፣ የጠየቅኩት እኔ ነኝ፣ ወርቂቱ። የአንጀት ሕመምተኛ ነኝ፤ አሁን ፊኛዬም ታሟል።» መልስ ሳትጠብቅ ወጣች።

ስትመለስ መዝገብ ቤት የምትገባበትን ደብዳቤ ነበር የጠበቀችው። ያገኘችው ግን ባዶ ችሎት ነው። ገቢሳ አሥር ደቂቃ ዕረፍት ሰጥተው ሰዉ ሁሉ ወጥቷል። ደግፌ ቀበቶውን እያስተካከለ ተመለሰና አጠገቧ ሲደርስ ድምፁን ቀነሰ።

«እትዬ፣ ለካ እኔንም ይዞኝ ኖሯል። ፈርቼ ነው እንጂ። ዳኛውም እኮ ከፊቴ ተሰልፈው ነበር!»

በሳምንቱ ወርቂቱ ሆስፒታል ሄደች። ከዚያ በፊት ከመድኃኒት ቤት ሳትመረመር ሁለት ጊዜ የኢንፌክሽን መድኃኒት ገዝታ ውጣለች። አሁን ያገኘችው ሐኪም ዶክተር ፉአድ ከጅማ የመጣ፣ ቀስ ብሎ የሚናገር ወጣት ነበር። ሽንቷን አስመረመረ፣ ጀርም የለም። አንዳንድ የብግነት መድኃኒት ስኳር ከፍ ያደርጋል፣ ስኳር ደግሞ ሽንት ያበዛል ብሎ የደም ስኳሯን አስለካ፣ ደህና ነው። በአልትራሳውንድም የኩላሊት ጠጠር አልታየም። ቀጥሎ አንድ የሚገርም ጥያቄ ጠየቃት።

«ሲሸኑ አየር ይወጣል? ሽንቱ አረፋ እያወጣ፣ ወይም የሰገራ ሽታ ያለው?»

«ዶክተር፣ ሽንት ደግሞ ፈስ አለው እንዴ?»

ሳቀና ምክንያቱን አስረዳት። ክሮንስ አልፎ አልፎ ከአንጀት ወደ ፊኛ ቀዳዳ ይከፍታል፤ የዚያ ምልክቱ በሽንት መንገድ የሚወጣ አየርና የሚመላለስ ኢንፌክሽን ነው። እሷ ላይ አልነበረም። ግን መጠየቅ ያለበት ጥያቄ ነው፤ ምልክቱን ያየ ሰውም «አፍራለሁ» ሳይል ለሐኪሙ መንገር አለበት።

ከዚያ የቤት ሥራ ሰጣት፤ ለአንድ ሳምንት የሚገባውንና የሚወጣውን እየለካች እንድትጽፍ። ሌንጂሳ ለሽንቱ መለኪያ የግማሽ ሊትር ውሃ ፕላስቲክ አንገቱን ቆረጠ። በአሥር ሚሊ ሊትር ስሪንጅ አምስት አምስት ጊዜ ውሃ እየጨመረ፣ በየሃምሳው በማርከር አሰመረበት።

«የመስኮት ልክ እንኳ እንዲህ አልተጨነቅኩበትም» አለ ዓይኑን አጥብቦ።

«ዝም ብለህ አስምር።»

የደብተሩ ዓምዶች ሰዓት፣ የጠጣችው፣ የወጣው፣ ሰገራ እና ክኒን ነበሩ። ይህን ደብተር ሳየው በጣም ደስ ይለኛል፤ በአንድ ሳምንት ውስጥ የስምንት ወር እንቆቅልሽ ፈትቷል። በደረቅ ቀን አሥራ ስድስት ጊዜ ሸንታለች፤ በየጊዜው የወጣው ግን ስልሳና ሰባ ሚሊ ሊትር፣ አንድ ስኒ የማይሞላ ነው። የጤነኛ ሰው ፊኛ የዚያን አምስት እጥፍ ያለ ጭንቀት ይይዛል። ደረቅ ባልሆነው ቅዳሜ ግን ውሃ በደንብ ጠጥታ የሄደችው አሥራ አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ብዙ ጠጥታ ትንሽ ሄዳለች።

ፉአድ ደብተሩን ሲያነብ ጣቱ የቆመው ግን ሌላ ዓምድ ላይ ነው።

«ሰኞ ክኒን የለም። ረቡዕ የለም። ሐሙስም የለም።»

«የችሎት ቀን ነዋ።»

«ችሎት ክኒን ይከለክላል?»

«ክኒኑ በውሃ ነው የሚዋጠው። እኔ ደግሞ ውሃ አልጠጣም…» አለችና ደብተሩን ወደ ራሷ ስባ ባዶዎቹን ሦስት ቀኖች በጣቷ ቆጠረች።

ፉአድ ወረቀት ላይ አንድ ክብ ሠራ፤ አጠገቡ እንደ እባብ የተጠማዘዘ ቱቦ። «ይሄ ፊኛ ነው፣ ይሄ አንጀት። አንድ ግድግዳ እንደሚጋሩ ኪራይ ቤቶች ናቸው። አንዱ ቤት ሲጮህ ሌላው አይተኛም።»

ነገሩን በቅደም ተከተል እንየው። መጀመሪያ አንጀቷ ትንሽ ተቆጥቶ ጎረቤቱን ፊኛ ነካካው፤ ቶሎ ቶሎ መሽናት ጀመረች። ያንን ለማስቆም ውሃ ተወች። ውሃ ስትተው፣ ቀስ በቀስ የተመለሰባት ተቅማጥም የሰውነቷን ውሃ ስለሚወስድ፣ የቀረው ሽንት ወፍራምና የሚያቃጥል ሆኖ ፊኛውን ይበልጥ አስቆጣ። ለጥንቃቄ እየሄደች ሳይሞላ ስታስወጣው ደግሞ ፊኛዋ በትንሽ ነገር መጮህ ለመደ። ከሁሉ የከፋው ክኒኑ ነው፤ በሳምንት ሦስት ቀን ስለተዘለለ የተኛው ብግነት ነቃ። ማጥፊያ ብላ የያዘችው ነገር ማቀጣጠያ ነበር።

መፍትሔውም በዚያው ቅደም ተከተል ሄደ። ክኒኑ በየቀኑ፣ ያለ ዕረፍት። አዲስ አበባ ያለው የአንጀት ሐኪሟ ለጥቂት ወራት መድኃኒቱን አጠናከረላት። ውሃው በአንዴ ሳይሆን በየሰዓቱ በጥቂት በጥቂቱ፤ ጋዝ ያለው መጠጥና ወፍራም ሻይ ለጊዜው ይቅር ተባለ፤ ተቅማጥ ባለበት ቀን ጨውና ስኳር ያለው ሕይወት አድን ንጥረ ነገር። ለጥንቃቄ መሄድ ቀረ። ሽንት ሲመጣባት ቁጭ ብላ፣ እየተነፈሰች፣ አምስት ደቂቃ ታቆየዋለች፤ በሚቀጥለው ሳምንት አሥር። ይህን ልምምድ የጀመረችው ግን ኢንፌክሽን አለመኖሩ ከተረጋገጠ በኋላ ነው።

ሁሉም ቀጥ ብሎ አልሄደም። በአራተኛው ወር ትኩሳትና የጎን ሕመም መጣባት። አሁን ግን መድኃኒት ቤት ሳይሆን ሆስፒታል ሄደች። ተመረመረች፣ ያኔ እውነተኛ ኢንፌክሽን ነበር፤ ታክማ ዳነች። ደብተሩ ላይም በቀይ ጻፈችው።

ዳኛ ገቢሳ ከዚያ ሐሙስ ጀምሮ በየችሎቱ መሃል አሥር ደቂቃ ይሰጣሉ። ኢዶሳ ሥራ ይጓተታል ብሎ ሰግቶ ነበር፤ ጥቂት ወር አይቶ «ሰው ሲቁነጠነጥ የሚጠፋው ሰዓት ይበልጥ ነበር ለካ» አለና የመዝገብ ቤቱን ነገር አላነሳውም። ወርቂቱ ዛሬ አንድ ሰዓት ከሃያ ደቂቃ ትቀመጣለች፤ ጠረጴዛዋ ላይ ሌንጂሳ ለመጠጫ ብቻ በማርከር ያሰመረላት፣ ክዳን ያለው ሌላ የውሃ ፕላስቲክ አለ።

ዘንድሮ አዲስ ሙከራ ይዛለች። ተዘዋዋሪው ችሎት በወር አንድ ጊዜ ጌዶ ይሰየማል። ኢዶሳ ሌላ ሰው ሊልክ አስቦ ነበር፤ እሷ ደብተሯን ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ «ሦስት ወር ስጠኝ፣ ካልቻልኩ እኔው እነግርሃለሁ» አለችው። ከአምቦ ጌዶ በሚወስደው መንገድ ጉደር ላይ አንድ፣ ባቢች ላይ አንድ ሽንት ቤት መዝግባለች። ጌዶ ያለው ግን ከግቢው ማዶ ነው፣ ቁልፉም ጥበቃው ኪስ ውስጥ ይውላል።

በመጀመሪያው ቀን ችሎት ሳይጀመር ሄዳ ጥበቃውን ጠየቀችው።

«ቁልፉ ለዳኞች ነው፣ አዴ።»

«እኔ የዳኛው አፍ ነኝ። አምጣ!»

ሰውየው እየሳቀ ሰጣት። አሁን ሁለተኛው ወር ነው። ጠዋት ክኒኗን በሙሉ ብርጭቆ ውሃ ውጣ፣ ቁልፉን ከፕላስቲኩ አጠገብ አስቀምጣ፣ ዕረፍት ሳይጠራ ዘጠና ደቂቃ ለመድረስ ትሞክራለች። ባለፈው ወር ሰማንያ አራት ላይ ነው የተነሳችው። ዛሬ ስድሳ ሰባተኛው ደቂቃ ላይ ናት። ምስክሯ ለማሰብ ቆም ሲሉ፣ ወርቂቱ ውሃዋን እስከ ቀጣዩ መስመር ጠጣች፣ ክዳኑን ገጠመች፣ «ይቀጥሉ፣ እየሰማሁዎት ነው» አለቻቸው።