የአባዬ ሬዲዮ ዝም ያለ ቀን

አሮጌ የእጅ ባትሪ ከፍቼ የፈነዳውን ባትሪ ድንጋይ ሳወጣ ጥቁሩ ጣቴ ላይ ቀረ። ሽታው ወደ ጊንጪ ከተማ፣ ወደ ሰባተኛ ክፍል መለሰኝ።

አንድ አርብ ሰሌዳ የማጥቆር ተራው የእኛ ቡድን ነበር። ሁላችንም ያለቀ ባትሪ ድንጋይ እናመጣለን፤ ወቅጠን፣ ከቅጠል ጋር ለውሰን ሰሌዳውን እንቀባለን። እኔ ያለቀ ስላጣሁ የአባዬን ሬዲዮ ከፍቼ አራቱንም ወሰድኩ። ያኔ ታላቅ ወንድሜ ጦር ግንባር ነበር፤ አባዬን አንድም ዜና አያመልጠውም።

ለምሳ ስገባ አባዬ ሬዲዮውን እያገላበጠ ይመታዋል። እጆቼን ወደ ኋላ ደበቅኩ።

"ኮቱ" አለኝ በኦሮምኛ፤ "ነይ። እጅሽን አሳዪኝ።"

ዘረጋሁለት። እማዬ ሳህኑን እንደያዘች ደርቃ ቀረች። አባዬ ጥቁር መዳፌን ብዙ ካየ በኋላ "ለትምህርት ነው?" አለኝ።

"አዎ፣ ለሰሌዳው።"

"ይሁን። እስቲ ዛሬ ሳንሰማ እንዋል።"

አልመታኝም። ሱቁ አጠገባችን እያለ ግን ሌላ ባትሪ ድንጋይ ሳይገዛ ወር አለፈ። እኔን መቅጣቱ ይመስለኝ ነበር።

ዛሬ የእኔም ልጅ ወታደር ነው። አንዳንድ ቀን ዜና እንዳልሰማ ስልኬን አጥፍቼ እውላለሁ።