የሠላሳ ስኩዌር ሩት

ከሰል ስሰባብር አውራ ጣቴ ሲጠቁር ቶሎ አልታጠብም። ትንሽ አየዋለሁ። ልጄ ትስቅብኛለች፤ "እማዬ፣ ደግሞ ምን አገኘሽ?" ትለኛለች። ምን ብዬ ልጀምርላት።

ያኔ በደርግ ጊዜ ከኮልፌ አሥራ ስምንት ማዞሪያ ገባ ብላ ባለች የጭቃ ቤት ነበር የምንኖረው። ስድስተኛ ክፍል ነበርኩ። ለውትድርና ወጣት ይታፈስ ስለነበር ታላቅ ወንድሜን ጓዳ ደብቀነው ነበር። ለጠየቀን ሁሉ "ጅማ አክስቱ ጋ ሄዷል" እንል ነበር።

ጓዳው መስኮት አልነበረውም። ብርሃን የሚገባው በቆርቆሮው የምስማር ቀዳዳ ብቻ ነበር፤ ከሰዓት በኋላ ግድግዳው ላይ ነጠብጣብ ይሠራ ነበር። ጋዝና እርጥብ ጆንያ ይሸታል። ወንድሜ ቀኑን ሙሉ ከእህል ጆንያዎቹ ጀርባ ተቀምጦ ኮቴ ያዳምጥ ነበር። ልቡ የሚረጋለት ቁጥር ሲይዝ ብቻ ነው። ስለዚህ ከትምህርት ቤት ስመለስ ግድግዳው ላይ በከሰል ስኩዌር ሩት ያስተምረኝ ጀመር፤ ራሱን በራሱ ሲያባዙት አንድን ቁጥር የሚሰጠውን ሌላ ቁጥር መፈለግ ነው። ጎረቤት እንዳይሰማ ጆሮዬ ሥር ያንሾካሹካል።

"መጀመሪያ ገምቺ። ቁጥሩን በገመትሽው አካፍዪ። ከዚያ የሁለቱን መሃል ያዢ። በያዝሽው ደግሞ አካፍዪ።"

"እስከ መቼ?"

"እስኪበቃሽ።"

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ የቀበሌው ጥበቃ ጠመንጃውን አንግቶ ገባ። የሰፈራችን ልጅ ነው፤ ከወንድሜ ጋር አንድ ክፍል ተምሮ ማትሪክ ወድቆ ነበር። እናቴ ከግቢ እየሮጠች መጣች።

"ልጄ፣ ጅማ ነው አልኩህ እኮ።"

"ልየው እንጂ እትዬ፣ ታዝዤ ነው።"

የጓዳውን መጋረጃ ገለጠ። ወንድሜ ከጆንያዎቹ ጀርባ ነበር፤ ጥበቃው ክንዱን ቢዘረጋ ይነካዋል። እሱ ግን ግድግዳውን ነው ያየው። በጣቱ ነካው፤ ጽሑፉ ገና አዲስ ስለነበር ከሰሉ ጣቱን አጠቆረው።

"ይሄን ማን ጻፈው?"

"እኔ" አልኩ።

ሳቀ። "አንቺ ሚጢጢ? እኔን ማትሪክ የጣለኝን ነገር? በይ ሠላሳን አውጪልኝ።"

እናቴ የበሩን መቃን ይዛ ቆመች። ከሰሉን አነሳሁ። አምስት ብዬ ገመትኩ። ሠላሳ ለአምስት ስድስት። መሃሉ አምስት ተኩል። ሠላሳን በአምስት ተኩል ሳካፍል ላብ ዓይኔ ውስጥ ገባ፤ አምስት ነጥብ አራት አምስት መጣ። የሁለቱን መሃል ያዝኩና አምስት ነጥብ አራት ሰባት ብዬ ጻፍኩ። ከጆንያዎቹ ጀርባ የወንድሜ ትንፋሽ እንዳይሰማ ከሰሉን ሆን ብዬ አጥብቄ እየፋቅሁ ነበር የምጽፈው።

ጥበቃው መሳቁን ተወ።

"ትምህርት ቤት እንዲህ አያስተምሩም" አለ ቀስ ብሎ። "እንዲህ የሚሠራ አንድ ሰው ነው የማውቀው። እኔንም አስተምሮኝ ነበር፤ አልገባኝ አለ እንጂ።"

እናቴ እግሩ ላይ ልትወድቅ ጎንበስ ስትል ክንዷን ይዞ አነሳት። ከዚያ ፊቱን ወደ ጆንያዎቹ ሳያዞር ጮክ ብሎ ተናገረ።

"እዚህ ማንም የለም። ነገ ጠዋት ግን ሌሎች ይመጣሉ። እነሱ ሒሳብ አይጠይቁም።"

ወንድሜ ጀንበር ሳትጠልቅ በጓሮ አጥር ወጣ። እናቴ የቋጠረችለትን ዳቦ እንኳ ረስቶት ሄደ። ከዚያ ወዲህ አላየነውም፤ የት እንደደረሰ የነገረን ሰውም የለም። እናቴም ከእንግዲህ ልጅ ከዓይኔ አይርቅም ብላ ከትምህርት ቤት አስቀረችኝ። ዛሬ የኔ ልጆች ትንሽ ሲያመሹ ፌርማታ ድረስ ወጥቼ የምቆመው ወድጄ አይደለም።

ያን ዕለት እሱ እንደወጣ አባቴ ከሥራ ገባና ጭቃ አቡክቶ ግድግዳውን መለሰን ጀመረ። ጠዋት የሚመጡት እንዳያዩት የከሰሉ ጽሑፍ መጥፋት ነበረበት። ፊደል ያልቆጠረችው እናቴ አጠገቤ መጥታ ቆመች።

"የሱ ጽሕፈት የቱ ነው?" አለችኝ።

አሳየኋት። መዳፏን ዘርግታ ላዩ ላይ አሳረፈችው። አባቴ ዙሪያውን ለስኖ እጇ ጋ ሲደርስ፣ ጭቃውን በመዳፉ እንደያዘ ቆሞ ጠበቃት።