በአውራ ጣት የሚመታ ቤዝ

«አቁም! ቤዝ ጊታር እንዲህ አይመታም!»

ዛሬ ረፋድ ሸዋ ሮቢት፣ የሙዚቃ ቡድን ቅጥር ፈተና ላይ ተመልካች ነበርኩ። ፈታኙ ዘፈኑን መሃል ላይ አስቆመው።

ተፈታኙ ሰይድ የአጣዬ ልጅ ነው። ቤታቸው ሲቃጠል ቀኝ እጁ ተጎድቶ አራት ጣቶቹ አይታጠፉም። ስለዚህ በአውራ ጣቱ ብቻ ይመታል፤ አንድ ምት አይስትም።

«ጋሼ፣ እስቲ ዓይንዎን ጨፍነው ይስሙኝ» አለ።

«ሁለት ጣት እያፈራረቁ መምታት መስፈርት ነው። ቀጣይ!»

የፈታኙ እግር ግን ምቱን እየተከተለ ወለሉን ይመታ ነበር። ከጭንቅላቱ ይልቅ እግሩ ሙዚቃ ያውቃል።

ሰይድ በር ላይ «ቤዙን ሸጬ የቀን ሥራ እገባለሁ» አለኝ። በዚያ እጅ ምን ሊቆፍር ነው?

ሳትደመጡ የተባረራችሁ፣ ገጠመኛችሁን እዚህ አስተያየት ላይ ጻፉ። ለሰይድ ግን ማጽናኛ አትጻፉለት፤ ቤዙን ከመሸጡ በፊት የሚቀጥረው ካለ ይጥራው።